መልስ የማይጠበቅበት ሰላምታ

ዋሽንግተን በገባሁ በአራተኛው ወር ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ከመሬት በታች ነበር። ሦስት ፎቅ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ሦስቱም ፎቅ ወደ ታች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ መግቢያው ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ቲኬት እሰጣለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ በመካከሉ ከእንቅልፍ ጋር እታገላለሁ። ዘመኑ የ1990ዎቹ ማብቂያ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። አብሮኝ የሚያድረው የጥበቃ ሠራተኛ ሃምሳን የተሻገረ፣ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ማታ ማታ ሲገባ ኮፍያውን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ «ዋትስ ጎይንግ ኦን?» ይለኛል።

እኔ የያዝኩት እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ነው። «ምን እየሆነ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ስለመሰለኝ ነገርኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ አንድ ደንበኛ ቲኬቱን ጥሎ እንደተጨቃጨቀኝ፣ አገር ቤት ደውዬ መስመሩ እንዳልገባልኝ። ጨዋ ሰው ስለነበር ቆሞ ሰማኝ። በማግሥቱም ጠየቀኝ፤ በማግሥቱም ነገርኩት። በሦስተኛው ቀን ገና አፌን ስከፍት ሳቀና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ይህ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አለመሆኑን፣ መልሱም ያንኑ መልሶ ማለት ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። አፈርኩ። ማፈሬ ሳይገባው አልቀረም፤ በአራተኛው ማታ ጥግ ጥጉ የተላላጠ ካሴት ይዞ መጣ። የካሴቱ ስም ያው ሰላምታው ነበር።

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የማርቪን ጌይን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። ከታላላቅ አልበሞች ተርታ የሚጠራ ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም፤ ባለማወቄም ደስ ይለኛል። ዝናውን ቀድሞ የሰማ ሰው እንደ ሐውልት ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል እንጂ ጆሮውን አይሰጠውም። እኔ የሰማሁት በፕላስቲክ ኩባያ ቡና እየጠጣሁ፣ ከመኪና ጭስ ጋር፣ በአንድ ጆሮዬ ጡሩንባ እየጠበቅሁ ነው።

ሽፋኑ ላይ አንድ ጺማም ሰው ጥቁር የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ አንገትጌውን አቁሞ፣ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ባሻገር ወዳለ ነገር ይመለከታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጸጉሩና ጺሙ ላይ የውሃ ጠብታዎች አሉ። ፎቶግራፉን ጂም ሄንዲን ያነሳው ዲትሮይት ውስጥ፣ ዘፋኙ ቤት ጓሮ ነው፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየጣለ። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ወደ ቤት ገብቶ ካፊያው እስኪያባራ በጠበቀ ነበር። የፍቅር ዘፋኝ ደግሞ ጸጉሩ ረጥቦ አይታይም፤ ጌይ እስከዚያ ዓመት ድረስ በካራቫት የሚታወቅ፣ ሴቶች የሚጮሁለት፣ ሞታውን የሚባለው የዲትሮይት ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት መልከ መልካም ዘፋኝ ነበር።

ካሴቱ ሲጀምር ቀድሞ የሚመጣው ዘፈን አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው። ወንዶች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ሌላውን በሰላምታ ይቀበላል፤ ድግስ ያለበት ቤት በር ላይ የቆማችሁ ያህል። ወዲያው አልቶ ሳክስፎን ከላይ ተንሸራቶ ይገባል፤ ኮንጋው ይከተላል፤ ቤዝ ጊታሩ ከሥር እየተጠማዘዘ የራሱን ዜማ ያዜማል። ከዚያ ሰውየው «እናቴ፣ እናቴ» ብሎ ይጀምራል። የሚያለቅሱት እናቶች መብዛታቸውን ይነግራታል። ቀጥሎ ወንድሙን ይጠራል፤ የሚሞቱት መብዛታቸውን ይነግረዋል። ቀጥሎ አባቱን ይጠራል፤ ነገር ማክረር እንደማያስፈልግ፣ ጦርነት መፍትሔ እንዳልሆነ ይለምነዋል። ይህን ሁሉ ሲናገር አይጮህም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ይህ አጠራር ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። እኛ አገር ሰው ሲጨንቀው «እናቴ ድረሽ» ነው የሚለው። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሟች በዝምድናው እየተጠራ ነው የሚለቀሰው። እንግሊዝኛው ግማሹ ያመለጠኝ ሰውዬ በዚያ ሌሊት ዘፈኑ የገባኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ማንን እንደሚጠራ ሰማሁ፣ ሌላውን ገመትኩት።

ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። «ምን እየተካሄደ ነው?» ካልኩት የጋዜጠኛ ይሆናል። «ምን ጉድ ነው?» ካልኩት ይቆጣል፤ ጌይ ደግሞ አልተቆጣም። የተሻለ የቀረበኝ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ነው፤ ሰላምታም ጥያቄም መሆን ስለሚችል። የእኛ ሰላምታ እንደምታውቁት ረጅም ነው። ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ክረምቱ አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ታሞ የከረመ ሰው እንኳ አስቀድሞ ተመስገን ብሎ ነው ወደ ሕመሙ የሚሄደው። ይህ አልበም የሄደው በዚያ መንገድ ነው። ስለ ሰም እና ወርቅ እያወራሁ አላሰለቻችሁም፤ ሽፋኑን ግን እዩት። ርእሱ የጥያቄ ምልክት የለውም።

ተንታኞች አዘውትረው «የተቃውሞ አልበም» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ተቃዋሚ ማንን እንደሚቃወም ያውቃል። ይህ ሰው ከሩቅ አገር ተመልሶ የቤቱን በር አንኳኩቶ ዘመዶቹን ስለ ደኅንነታቸው የሚጠይቅ፣ መልሱን ሲሰማ ደግሞ ቃል የሚያጥረው ሰው ነው።

ዘፈኑ የተወለደው ግን ጌይ ቤት አይደለም። ፎር ቶፕስ የሚባለው የዘፋኞች ቡድን አባል የነበረው ሬናልዶ ቤንሰን፣ ሁሉም ኦቢ የሚለው፣ በሜይ 1969 ከቡድኑ ጋር ለሥራ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሳለ በርክሌይ ከተማ ወጣቶች «የሕዝብ መናፈሻ» ባሉት ቦታ ምክንያት ፖሊስ ሲደበድባቸው አየ። ምን እየሆነ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም። ከግጥም ጸሐፊው ከአል ክሊቭላንድ ጋር ሆኖ ጥያቄውን ዘፈን አደረገው። የራሱ ቡድን የተቃውሞ ዘፈን አንዘፍንም ብሎ መለሰለት። ወደ ጌይ ወሰደው። ጌይ ደግሞ ወደደውና ኦሪጅናልስ ለሚባል ሌላ ቡድን ሊሰጠው አሰበ። ቤንሰን ለምኖ፣ ከባለቤትነቱም ድርሻ ሰጥቶ ነው ራሱ እንዲዘፍነው ያደረገው። ጌይ በበኩሉ ዜማውን አስተካከለ፣ ግጥሙ ላይ የሰፈር ቋንቋ ጨመረበት።

ለምን እንደወደደው መገመት አያስቸግርም። በኦክቶበር 1967 ቨርጂኒያ ውስጥ መድረክ ላይ አብራው ትዘፍን የነበረችው ታሚ ቴረል እጁ ላይ ወደቀች። የአንጎል ዕጢ ነበር። በማርች 1970 በ24 ዓመቷ ሞተች። ጌይ መድረክ ጠላ፤ ጺሙን አሳደገ፤ ቤቱ ከተተ። ታናሽ ወንድሙ ፍራንኪ ከቬትናም ተመልሶ ያየውን ሲነግረው አብረው ያለቅሱ እንደነበር ተናግረዋል። ሌላም ነገር ሞክሮ ነበር፦ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሰውነቱን እያጠነከረ ዲትሮይት ላየንስ ለሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ልጫወት አለ። አልሆነለትም። ከዚያ ሙከራ የቀረው ወዳጅነት ነው። በአልበሙ መክፈቻ ላይ ሰላምታ ከሚለዋወጡት ድምፆች መካከል የዚያ ቡድን ተጫዋቾች የሜል ፋርና የለም ባርኒ ይገኙበታል። ያ ድግስ ስለዚህ የተዋናይ ድግስ አይደለም።

የዋናው ዘፈን ቀረጻ የተጀመረው በጁን 1970 ዲትሮይት፣ ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለችው የሞታውን ቤት ነው። ቤቷ ዛሬም አለች፤ ሙዚየም ሆናለች። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ድርጅቱን ሲያቋቁም የፋብሪካውን አሠራር ይዞት መጣ፦ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ ሌላው ያቀናብራል፣ ሌላው ይዘፍናል፣ በመጨረሻ ጥራት የሚቆጣጠር ስብሰባ ተቀምጦ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። መኪና የሚወጣው እንዲህ ነው። ጎርዲ የጌይ አለቃ ብቻ ሳይሆን አማቹም ነበር፤ ጌይ ያገባው እህቱን አናን ነው። እንግዲህ በቤተሰብ መካከል የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

ቀረጻው ላይ የሆኑትን ነገሮች ሳስብ ይገርመኛል፤ ከምንወደው ነገር አብዛኛው የመጣው ያልታሰበበት ቦታ ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ኤሊ ፎንቴን መሣሪያውን እያሟሟቀ ትንሽ ተጫወተ። ጌይ የሚፈልገውን አግኝቻለሁና ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ፎንቴን እየቀለድኩ እኮ ነው ቢለው ጌይ ቀልድህ ግሩም ነው ብሎ አሰናበተው ይባላል። ዛሬ ዓለም ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚያውቀው መግቢያ ያ ነው።

ሌላው የበለጠ ነው። ጌይ ዋናውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ቀድቶ የትኛው እንደሚሻል ለማወዳደር ፈለገ። የድምፅ ባለሙያው ኬን ሳንድስ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አዘጋጀለት፤ ሲያጫውቱት በስሕተት ሁለቱም ባንድ ላይ ተሰሙ። አንዱ ቀጥ ያለ ድምፅ፣ ሌላው ከኋላው እየዘገየ፣ እያቀለመ፣ አንዳንዴም እየቀደመ። ጌይ ሰማና እንዲያ እንዳለ ይቅር አለ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው አብዛኞቹ አልበሞች የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። እኔ ስሰማው የሚመጣብኝ አውጪና ተቀባይ ነው። እኛ ጋ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ይመልሳሉ፤ ብቻውን የሚያወጣ ሰው የለም። ጌይ የራሱ ተቀባይ ሆነ። «እናቴ» ሲል የሚመልስለት ሌላ ራሱ ነው። ብቸኛ ሰው ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ሰምታችሁ ከሆነ ልክ እንደዚያ ነው።

ቤዝ ጊታሩን የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፦ ጌይ ከመጠጥ ቤት አስፈልጎ አስመጣው፤ መቀመጥ ስላልቻለ ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ተጫወተ። የአቀናባሪው የዴቪድ ቫን ዴፒት ወረቀት ከፊቱ ነበር። የሚጫወተው በአንድ ጣት፣ በአመልካች ጣቱ ብቻ ነው። ምን እንደተጫወተ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ቀላል ነው፤ ለአንድ ጊዜ ዘፋኙን እርሱት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቤዙን ብቻ ተከተሉት። ባለ ክራር አያቴ ቢሰማው «ይኼኛው ነው የሚዘፍነው» ባለ ነበር።

የሞታውን ሙዚቀኞች እስከዚያ ድረስ ስማቸው በአልበም ሽፋን ላይ ሰፍሮ አያውቅም። በደርዘን የሚቆጠሩ ቁጥር አንድ ዘፈኖች ላይ ተጫውተው ከዲትሮይት ውጪ የሚያውቃቸው አልነበረም። በዚህ አልበም ላይ ስማቸው ተጻፈ፤ ጀመርሰን ደግሞ «አቻ የሌለው» የሚል ቅጽል ታክሎለት። ይህችን ቃል ካሴቱ ውስጥ በነበረችው ወረቀት ላይ ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ቀጥሎ የሆነውን ስሰማ ግን አዘንኩ። በ1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን በትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲያከብር ጀመርሰን አልተጠራም። ከአትራፊ ትኬት ገዝቶ ከላይ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ተመለከተ። በዚያው ዓመት በ47 ዓመቱ ሞተ።

ጎርዲ ዘፈኑን ሲሰማ አልወደደውም። ይህ ክፍል ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ጎርዲ ፖለቲካ የፈራ ነጋዴ ሆኖ ይቀርባል። ግማሽ እውነት ነው። ያው ሞታውን በ1970 የኤድዊን ስታርን «ዎር» የሚል ጦርነትን በይፋ የሚያወግዝ ዘፈን አውጥቶ ቁጥር አንድ አድርጎታል። ስለዚህ የፈራው ፖለቲካን ብቻ አይመስለኝም። የፈራው ይህ ሰው፣ የእህቱ ባል፣ ሴቶች የሚወዱት፣ ይህን እንዲል ነው፤ ደግሞም ዘፈኑ የፋብሪካው መልክ አልነበረውም። እንደ ጃዝ የላላ ነው፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጌይም ይህ ካልወጣ ሌላ አልቀርጽም ብሎ ተቀመጠ። ወራት አለፉ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 1971 የሽያጭ ሰዎቹ ነጠላ ዜማውን አወጡት፤ እንደ ወጣ ተሸጦ አለቀ። በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በጠቅላላው ሁለተኛ ሆነ። ነጋዴ ነጋዴ ነውና ጎርዲ ወዲያው ሙሉ አልበም ጠየቀ።

ሌሎቹን ዘፈኖች በማርች 1971 በአሥር ቀን ገደማ ቀረጹአቸው። ዘጠኝ ዘፈን፣ 35 ደቂቃ ከግማሽ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ግጥም ያዋጡት ሰዎች ዝርዝር ራሱ ሌላ ታሪክ ነው፦ ቤንሰንና ክሊቭላንድ አሉ፤ ሚስቱ አና አለች፤ «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» የሚለውን አብሮት የጻፈው ጄምስ ኒክስ ደግሞ በሞታውን ሕንፃ የአሳንሰር ሠራተኛ ነበር። ሰው ፎቅ ለፎቅ ሲያመላልስ የሚውል ሰው ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ግብር የተሰማውን ጻፈ፤ ዘፈኑ ከአሜሪካ አሥር ምርጥ ዘፈኖች ውስጥ ገባ። የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

በአልበሙ ላይ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሁለተኛውን ነው፣ «ዋትስ ሃፕኒንግ ብራዘር» የሚለውን። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ለወዳጁ ያወራል። ስለ ጦርነቱ የሚለው ሲኦል መሆኑንና መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው፤ ወዲያው ያልፈዋል። ሥራ እንደጠፋ፣ ገንዘብ እንደከበደ ይናገራል፤ ከዚያ የሚጠይቀው ድሮ የሚጨፍሩበት ቦታ አሁንም እንዳለ፣ ቡድናቸው ዘንድሮ ዋንጫ ይበላ እንደሆነ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ዝም ብሎ ደስ የሚል ዜማ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ከባድመ ግንባር ተመለሰ። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ፤ ለጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ያወራኝ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ነው፦ እሱ በሌለበት ማን እንደፈረመ፣ ማን እንደለቀቀ። ከዚያ ሥራ እንዳላገኘ ነገረኝ። ከዚያ የሰፈራችን ልጆች የት የት እንደገቡ እኔን ጠየቀኝ፤ ውቅያኖስ ተሻግሬ ያለሁትን! ካርዱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል ስትል ሴትየዋ፣ እናታችንን አቀረበልኝና ሄደ። በዚያ ሌሊት ሥራ ገብቼ ካሴቱን አልከፈትኩትም።

ሁሉም ዘፈን እኩል አይደለም፤ ይህን መናገር እንደ ድፍረት የሚቆጠር ከሆነ ልድፈር። «ራይት ኦን» ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ መሣሪያዎቹ እየተዝናኑ እኛን የረሱን ይመስለኛል። «ሴቭ ዘ ችልድረን» ላይ መናገርና መዝፈን ተራ በተራ ሲሄዱ ስብከቱ ይከብደኛል። «ፍላይን ሃይ» ግን የሚገርም ነው፤ በሄሮይን የተያዘ ሰው ከውስጥ ሲናገር ነው፣ ዜማው ራሱ መሬት አይነካም። «መርሲ መርሲ ሚ» ስለ ተመረዘ አየር፣ ባሕር ላይ ስለ ፈሰሰ ዘይትና ሜርኩሪ ስለ ጠገበ ዓሣ ነው። የመጀመሪያው የምድር ቀን በአሜሪካ ከተከበረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ሰዎች ይህን ዘፈን ሠርግ ላይ ሲጨፍሩበት አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ዜማው ያስጨፍራል። መጨረሻው ላይ ግን ጭፈራው ተቆርጦ አንድ ጨለማ የመሰለ ድምፅ ይገባል፤ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ሸክላ ወይም ካሴት የነበረው ሰው ተነስቶ መገልበጥ ነበረበት። በዚያች ዝምታ ውስጥ ጓደኛዬ ጥበቃው አንድ ዙር ፎቆቹን ቃኝቶ ይመለስ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚሰሙት ልጆቼ ያችን ዝምታ አያውቋትም።

ስለ አባት የሚለው መስመር ግን ለየት ብሎ ይቆማል። የጌይ አባት ሰባኪ ነበር፤ ልጆቹን በቀበቶ የሚያሳድግ ጨካኝ ሰባኪ። ልጁ በዘፈኑ አባቱን ጠርቶ ነገሩን አናክርረው ካለ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1984 ሎስ አንጀለስ፣ በቤተሰብ ጠብ መካከል አባትየው ሁለት ጊዜ ተኩሶ ገደለው። ሽጉጡን ለአባቱ የሰጠው ራሱ ማርቪን ነበር። በማግሥቱ 45 ዓመት ይሞላው ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ያንን መስመር እንደ በፊቱ መስማት አይቻልም። አንዳንዶች ዘፈኑ ትንቢት ነበር ይላሉ፤ ይህ አባባል አይጥመኝም። ልጅ የሚፈራውን አባት በለሰለሰ ቃል ለመነ፤ ልመናው አልተሰማም። ትንቢት ማለት ነገሩን ያሳምረዋል።

ስለ ዝናው እንግዲህ። አልበሙ በሜይ 21 ቀን 1971 ወጣ፤ በእኛ ግንቦት 13 ቀን 1963 መሆኑ ነው። በሽያጭ ተሳካለት፤ ሦስት ዘፈኖቹ በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። የግራሚ ሽልማት ግን አንድም አላገኘም። ጌይ የመጀመሪያውን ግራሚ ያገኘው በ1983፣ ስለ ሌላ ዘፈን፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በብሪታንያ የኤንኤምኢ ጋዜጣ ጸሐፊዎች በ1985 ከአልበሞች ሁሉ አንደኛ አሉት። በ2003 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅርሶች ጋር መዘገበው። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የምንጊዜም 500 አልበሞችን ሲደረድር ቢትልሶችን አናት ላይ አስቀምጦ ይህንን ስድስተኛ አደረገው። በሴፕቴምበር 2020 መጽሔቱ ከ300 በላይ ሰዎችን እንደገና ጠይቆ ዝርዝሩን ሲያወጣ ግን አንደኛ ሆነ።

ያኔ ብዙ ሰው ዘመኑ ነው ያነሳው አለ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ በፖሊስ እጅ ተገድሏል፤ እዚህ ዋሽንግተን ከኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ባለው ጎዳና ላይ የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው የሚል መፈክር በቢጫ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ዘፈኑ ከየመኪናው መስኮት ይወጣ ነበር። ዘመኑ አልረዳውም አልልም። ግን ከዚያ በፊትም ስድስተኛ ነበር፤ ከመንገድ ላይ አልተነሳም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንደኛ የተባለ ነገር ሁሉም ያከብረዋል፣ ጥቂት ሰው ይከፍተዋል። ታላቅ መጽሐፍ እንደሚባሉት፤ መደርደሪያ ላይ ጀርባቸው ያምራል። ሰላምታ ደግሞ አንደኛ ሁለተኛ የለውም። ማንም ሰው በዓለም ላይ የተባለ የመጀመሪያው ታላቅ «እንደምን አደርክ» የትኛው ነው ብሎ ድምፅ አያሰባስብም።

በነገራችን ላይ፣ አልበሙ በወጣበት ሰሞን አዲስ አበባም ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከተማ ነበረች። አምሃ እሸቴ የሸክላ ኩባንያውን ከከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓለማየሁ እሸቴ ጸጉሩን አበጥሮ በጄምስ ብራውን ስልት መድረክ ያናውጣል፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ራዲዮ የጥቁሮችን ሙዚቃ ለአገሬው ጆሮ ያደርሳል። እኛ ከሶል የወሰድነው በአብዛኛው ጡሩንባውን፣ ልብሱንና ጩኸቱን ነው ብዬ አስባለሁ። ለስለስ ብሎ ማንጎራጎሩን መዋስ አላስፈለገንም፤ ቀድሞውኑ ቤታችን ነበር።

ጌይ የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የተማረበት ካርዶዞ ትምህርት ቤት ኮረብታው ላይ አለ። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ዩ ጎዳና ነው፤ ዘጠነኛው መንገድ ጋ ሲደርሱ የእኛ ምግብ ቤቶች፣ የበርበሬ ሽታ፣ በአማርኛ የተጻፉ ማስታወቂያዎች። ሃዋርድ ቲያትር ከዚያ ሁለት መንገድ ቢሻገሩ ነው። ቅዳሜ ማታ ክትፎ ለመብላት የምንሄድበት ሰፈር እሱ በጉርምስናው ዘፋኝ ለመሆን ያለመበት ሰፈር ነው።

ጓደኛዬ ሥራውን የለቀቀው በ2001 ነው። ካሴቱን ይዞት ሄደ፤ የራሱ ነው፣ ምን ይላሉ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ከምድር ቤት ወጣሁ። በሚቀጥለው ክረምት ከዘጠነኛው መንገድ እንጀራ ገዝቼ ስወጣ በአጠገቤ አንድ ሰው ኮፍያውን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ አለፈ፤ ከዚያ ቆመ፤ ዞር አለ። አርጅቶብኝ ነበር።

«ዋትስ ጎይንግ ኦን?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ አዲሱ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ ሕመም፣ ስለ ወንድሜ፣ ሌሊት እየተነሳ ግቢ ውስጥ እንደሚዞርና ለማንም ምንም እንደማይናገር። እንጀራው ከነላስቲኩ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ፣ እግረኛው እየገፋን እያለፈ፣ ጨረስኩ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ኮፍያውን አወለቀና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ወንድሜ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሃያ ስድስት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እሱ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደተመለሰ ነገረኝ። ሦስት ዓመት ያህል አብሬው አድሬ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ።